ማሽላን የቀደመው አተር

በለጠችን ቅናተኛ ናት ቢሏት ትቆጣለች። «እኔ? እኔ ደግሞ በማን እቀናለሁ!» ትላለች፤ ይህን ስትልም ዓይኗ በቆርቆሮ አጥሩ ቀዳዳ ወደ ዝናሽ ግቢ እያየ ነው። ቀዳዳዋን ምስማር ነው የበሳት ትላለች። ምስማር ደግሞ መቼ ነው ለዓይን ልክ አድርጎ የሚበሳው!

ሁለቱም ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው፣ ድሬዳዋ ከደቻቱ ድልድይ ወረድ ብሎ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። በበዓል ይጠራራሉ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ ከዚያ ወጥታ ታማታለች። እንግዲህ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ነበሩ። ነገሩን ያበላሸው አንድ ወንበር ነው።

ወንበሩ የጋሽ ኃይለየሱስ ነው። ጋሽ ኃይለየሱስ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። የድሮው ባቡር ቆሞ ሐዲዱን ሣር ሲውጠው እሳቸው ግን ካፖርታቸውን አላወለቁም፣ በዚያ ሙቀት! ሴቱን ሁሉ «ማዳም» ይላሉ፤ ከባቡሩ ፈረንጆች የቀረቻቸው ቃል ናት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ፀሐይ በረድ ሲል የሸራ ታጣፊ ወንበራቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና በለጠች ደጅ ኒም ዛፉ ሥር ዘርግተው ይቀመጣሉ። እሷም ሻሂ በወተት ታወጣላቸዋለች። ድሬ ላይ ሻሂ ያለ ወተት የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው እንጂ ሻሂ አይባልም። ጾም ሲገባ ታዲያ ጥቁሩን ታቀርብላቸዋለች፣ እሳቸውም ብርጭቆውን እንደ መርዶ ነጋሪ ያዩታል።

አንድ ቀን «ማዳም በለጠች፣ አንቺ ባትኖሪ ድሬ ምድረ በዳ ነበረች» ብለዋታል። ለእሳቸው ከአፍ የወጣች ወሬ ናት። በለጠች ግን ከወርቋ ጋር አብራ አስቀምጣታለች። ሰፈሩም ያውቃል፤ ወንበሩ የተዘረጋበት ደጅ የማን እንደሆነ ሁሉም እያየ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ ሰኔ ላይ የዝናሽ የእህት ልጅ፣ ሰይፈ ሚካኤል የሚሉት፣ ከቢዮ አዋሌ መጣ። እዚያ ከገበሬው ጋር ነው ሥራው። በፌስታል ዘር ይዞላት መጣ፤ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ቢጫ፣ አተር የሚያህል።

«አኩሪ አተር ነው እታለም» አላት። «ቶሎ የሚደርሰው ዓይነት ነው። ዝናቡ አጥሮ ቢያልፍም ግድ የለውም፣ ሌላው እህል ገና ሲያብብ እሱ ከማሳ ወጥቷል።»

ዝናሽም የሟች ባሏ የተበላሸች መኪና ትቆምበት የነበረውን ጓሮ ቆፍራ ዘራችው። ይሄ ብቻ ቢሆን ማን ይናደዳል? ሰው ጎመንም ይዘራል። እሷ ግን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታወራ ጀመር።

«ወተት ይወጣዋል አሉኝ በለጠች፣ የጾም ወተት! ዱቄቱ ከሽሮ ጋር ይገባል፣ ለሕፃን ገንፎ ይሆናል። ቢቆሉት ቆሎ ነው። ዘይትም ይጨመቅበታል። ወተቱ ተጠልሎ የሚቀረው ለጎረቤታችን ለሳሕራ ፍየሎች ይሆናል፣ ሥሩ እንኳ መሬቱን ያሰባል አለኝ ልጁ። የሚጣል የለውም!»

«ይሄን ሁሉ ከሆነ እንግዲህ ባልም ይሁንሽ!» አለቻት በለጠች።

«እሱስ ወንበሩን ይዞ ሳይመጣ አይቀርም» አለች ዝናሽ፤ ሳቋን ለቃ ገባች።

አፏ ይቆረጥ፣ እንዳለችው ሆነ። ጋሽ ኃይለየሱስ የጾም ወተት የምትለዋን ቃል ከየት እንደሰሙ አይታወቅም፤ በማግስቱ በሰዓታቸው ብቅ አሉ። በለጠች ሻሂውን ይዛ ደጅ ቆማለች። እሳቸው ወንበሩን በብብታቸው እንደያዙ፣ «ቦንዡር ማዳም» ብለው፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ አለፉ። አለፉ! ዝናሽ ግቢ ገቡና አተሩ ዳር ዘረጉት። በለጠች ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች፤ ሻሂው ቀዝቅዞ ወተቱ ላይ ቆዳ እስኪሠራ ድረስ እዚያው ነበረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ የአጥር ቀዳዳ ሥራ በዛባት። አተሩ ሲበቅል በለጠች ከሳች። ሲያብብ ራሷን ታመመች። ፀጉራም ፀጉራም ዛላ ሲያንዠረግግ ደግሞ ጭራሽ እህል አልወርድ አላት። ጋሽ ኃይለየሱስ እኮ እያንዳንዱን ግንድ እየዞሩ ሲያዩት፣ የባቡር ጎማ የሚፈትሹ ነው የሚመስሉት! ለእሷ ኒም አንድ ቀን ቀና ብለው አይተው አያውቁም።

መስከረም ጠባ። አንድ ጠዋት በለጠች ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ብትለጥፍ ምን ታይ! የዝናሽ አተር ቢጫ ሆኗል። በሁለተኛው ቀን ባሰበት፣ ከዚያ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ።

በለጠች በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየች። ከዚያ ቀጥታ ሳሕራ ጋ ነው የሮጠችው። ሳሕራ ፍየል የምታረባዋ ጎረቤት ናት፤ ቤተሰቦቿ ዋሂል በኩል ማሽላ የሚያርሱ፣ የእህል ነገር ስትናገር ማንም የማይከራከራት።

«ሳሕራዬ፣ ነይ እስቲ አንድ ነገር እይልኝ።»

ሳሕራ በቀዳዳው አጎንብሳ አየች። ምላሷን ጠጭ አደረገች።

«አቦ፣ ይሄ ሞቷል።»

«እውነትሽን ነው?»

«ወላሂ! ማሽላ ገና አሁን እኮ ነው ራሱን ያወጣው። ከማሽላ ቀድሞ የሚደርስ እህል በእኛ አገር የለም። አያቴም አላየ፣ እኔም አላየሁ። ማሽላ ሳይቀላ ቢጫ የሆነ ነገር በሽታ ነው። እንደውም ዓይን ነው የበላው።»

ዓይን ስትል በለጠች ትንሽ ደንገጥ አለች። ግን ደስታው ይበልጣል። ያን ዕለት ሁለት እንጀራ በላች።

ማታውን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ድምፅዋን ለለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝቅ አድርጋ፣ «አይዞሽ ዝናሽ፣ ያለ ነው። እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አለቻት።

ዝናሽ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ምን ይደረግ እህቴ» ብላ በነጠላዋ አፏን ይዛ ገባች። በለጠች አለቀሰች ብላ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሳቅ መሆኑን ማን ይንገራት! ሰይፈ ሚካኤል ለአክስቱ ገና ሲሰጣት ነግሯታል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ደረሰ ማለት ነው፣ ዛላው ደርቆ ሲያንኳኳ ወዲያው እጨጂ፣ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይፈነዳና ፍሬውን ይበትነዋል ብሏታል። ዝናሽ ሁሉን አውቃ ዝም ብላ ነው ያየቻት። እሷም ቢሆን ቀላል ሰው አይደለችም።

የጽጌ ጾም ገባ። ማኅበራቸው በጽጌ በየሳምንቱ፣ ከዚያ ወዲያ በየወሩ በየተራ ቤት ነው የሚጠጣው። የመጀመሪያው ቀን ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ፍቅረ ማርያም፣ «ጽዋውን ቀጥሎ ማን ይወስዳል?» አሉ።

«እኔ» አለች ዝናሽ። «ከገዛ ጓሮዬ አተር ሻሂ በወተት አጠጣችኋለሁ፤ ጾማችሁን ሳትገድፉ።»

ቤቱ እልል አለ። ጋሽ ኃይለየሱስ «ብራቮ ማዳም!» አሉ። በለጠች ያችን ማዳም ስትሰማ አንጎሏ ዞረ።

«የትኛው አተር?» ብላ ተነሣች። «ያ የሞተው ነው? እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ሴት ሐዘኗን መቻል አቅቷት ነው፣ ጓሮዋ ያለው ጭራሮ ነው! ኪዳነ ምሕረትን እላችኋለሁ፣ ከዚያ ጭራሮ አንዲት ብርጭቆ ወተት ከወጣ የዚህን ማኅበር ዕቃ እስከ ፋሲካ ብቻዬን አጥባለሁ!»

«ምስክር ናችሁ» አለች ዝናሽ፣ ረጋ ብላ።

ማኅበርተኛው ሁሉ ምስክር ሆነ። ድስቱን፣ ትሪውን፣ ያን ሁሉ ብርጭቆ እያሰበ ደስ ብሎት ምስክር ሆነ።

ሁለት ቀን እንኳ ሳይቆይ ዝናሽ ለቅሶ ተጠራች፤ ዋሂል ሱቅ የነበራት አክስቷ አረፈች። ስትወጣ ጋሽ ኃይለየሱስን ደጃፉ ላይ አገኘቻቸው፤ በለጠች በቀዳዳዋ ሆና ሰማች።

«ጋሼ፣ አደራዎትን። ነገ ከነገ ወዲያ ነው መታጨዱ። ድንገት ከእኔ በፊት ዛላው ጠሽ ጠሽ ማለት ከጀመረ ያጨዱልኝ።»

«አታስቢ ማዳም። ባቡር ያስተዳደርኩ ሰው አተር ያቅተኛል?»

መታጨድ? በለጠች አልገባትም። የሞተ ነገር ይነቀላል እንጂ ይታጨዳል እንዴ?

በማግስቱ ፀሐይዋ የጉድ ሆነች። ከቀትር በኋላ ድሬን ታውቋታላችሁ፤ በር ሁሉ ዝግ፣ የተኛው ተኝቷል፣ የቀረው የጫት በርጫ ላይ ነው፣ ውሻ እንኳ ጥላ ትታ አትወጣም። ጋሽ ኃይለየሱስም በርጫ ወዳጃቸው ዒብራሂም ቤት ከነካፖርታቸው ትራስ ተደግፈው ጫታቸውን ይዘዋል፤ የጅቡቲን መስመር ለመቶኛ ጊዜ እየተረኩ ነው። አተርም የለ፣ አደራም የለ።

በለጠች ጋደም ብላለች። ከአጥሩ ወዲያ «ጠሽ» አለ። ዝም አለ። «ጠሽ፣ ጠሽ።»

ተነሥታ በቀዳዳው አየች። ያ ጭራሮ ያለችው ነገር ላይ አንዲት ቅጠል የለችም። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ዛላ ብቻ ተሸክሟል። ፀሐይዋ ስትነካው ዛላው ተጠማዞ ይሰነጠቅና ፍሬዋ ዘልላ ትወጣለች። ወርቅ የመሰለች ፍሬ፣ አንዷ ቆርቆሮውን መትታ ተመለሰች። የሳሕራ ዶሮዎች በታች በኩል ገብተው መልቀም ጀምረዋል።

«እንዴ!» አለች በለጠች። «ለካ ደርሶ ኖሯል።»

ያኔ ገባት። አንገት መድፋቷም፣ ትከሻ መንቀጥቀጧም ገባት። ተቃጠለች። ወዲያውም ሌላ ነገር መጣላት፤ ዝም ብትልስ? ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ። እስከ ማታ ፀሐይና ዶሮ ይጨርሱታል። ወተት የለም፣ ዕቃ አጠባ የለም፣ ወንበሩም ወደ ኒሙ ሥር ይመለሳል። እጇን እንኳ ማንሣት የለባትም። መተኛት ነው ያለባት።

ገባችና ተኛች። ጠሽ። ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ጠመጠመች። ጠሽ፣ ጠሽ። ትራሱን ደረበችበት። ይኸው ይሰማል።

በለጠች በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ልጅ ነበረች። ያኔ እናቷ ባቡር ጣቢያው ጋ እየወሰደች፣ ከተቀደደ ጆንያ ሐዲዱ ላይ የፈሰሰችውን ስንዴ ከጠጠር እየለየች ታስለቅማት ነበር። የጭነት ፋርጎው ሥር ገብታ አንድ በአንድ። እናቷ «እህል ሲፈስ አይቶ ያለፈ ሰው፣ ሲራብ እህሉም አይቶት ያልፋል» ትላት ነበር። ያቺ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀርታለች፣ አትወጣም።

«እናቴ ባትኖሪ ኖሮ ዛሬ ተኝቼ እውል ነበር!» ብላ ተነሣች።

ማጭድ የላትም። የዳቦ ቢላዋዋን ይዛ፣ ታች በኩል ቆርቆሮውን ገንጥላ ገባች። ዶሮዎቹን በጫማዋ አባረረች። ግንዱን ከሥር ከሥር እየገዘገዘች ትቆርጣለች፣ እያንዳንዷን ስትቆርጥ ትራገማለች። «ይቺ ለሳቅሽ! ይቺ ለማዳም! ይቺ ለዚያ ለካፖርታም!» ላቡ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉራሙ ዛላ አንገቷን ይበላታል፣ መዳፏ ተልጧል። ነዶውን አቅፋ ዝናሽ በረንዳ ጥላው ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ቆለለችው። መሬት የወደቀውን ደግሞ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመች፤ ልክ እንደ ልጅነቷ። አንድ ጭብጥ ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ሌብነት አትበሉት፣ ላቧ ነው።

ጋሽ ኃይለየሱስ ምርቃናው ሲለቃቸው አደራው ትዝ አላቸውና እየተደናበሩ መጡ። ታጭዶ ተቆልሏል! ግራ ቀኝ አዩ፣ ሰው የለም። ወንበራቸውን ዘርግተው አጠገቡ ተቀመጡ። አመሻሹ ላይ ዝናሽ ጥቁሯን እንደለበሰች ገባች።

«ውይ ጋሼ! እጅዎ ይባረክ! በዚህ ፀሐይ!»

በለጠች በቀዳዳዋ ትንፋሿን ይዛለች። አሁን እኔ አይደለሁም ይላሉ ብላ ጠበቀች።

«እ... ምን አላት ማዳም» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ። «ትንሽ ወገቤን ብቻ ነው።»

ወገቤን! በለጠች ነጠላዋን ነከሰች። ምን ትበል? እኔ ነኝ ያጨድኩት ብትል፣ ሞቷል ብላ የማለችበትን አተር በገዛ እጇ አዳነች ሊባል ነው። የሰፈሩ መሳቂያ! እዚያው እያረረች አደረች። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ዝናሽ ነዶውን ስትወቃ፣ ስታበጥር፣ ጋሽ ኃይለየሱስ ደግሞ «ወገቤን» እያሉ ሲታሹ ሰማች። ዝናሽ ቅባት ገዛችላቸው፣ እናንተዬ፣ ቅባት!

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። በለጠች ልቅር ብላ ነበር፤ ቀርታ ግን ወሬው በሌላ አፍ ሊደርሳት ነው፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ሄደች። ጋሽ ኃይለየሱስ ከሙሴው ቀጥለው በራሳቸው ሸራ ወንበር ላይ ጉብ ብለዋል። ሳሕራም ሙስሊም ብትሆን ጎረቤት ናትና በሩ ጋ በርጩማ ይዛለች።

ዝናሽ አተሩን አዳሩን ዘፍዝፋ፣ ልጣጩን አሽታ፣ ፈጭታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠልላ፣ ጥሬ ጥሬ እንዳይሸት ደህና አድርጋ አፍልታዋለች። ሻሂው በቅርንፉድና በሄል ተፈልቶ ወተቱ ተጨመረበት። መልኩ ያው የድሬ ሻሂ ነው። በለጠች ቀመሰች። ምነው ባነቀኝ፣ ምነው በመረረ ብላ ነበር። ጣፈጣት። ይበልጥ ተናደደች።

«ይቺ ወተት የጋሽዬ እጅ ናት» አለች ዝናሽ ቆማ። «እኔ ለቅሶ ላይ ሆኜ ከፀሐይ ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው።»

«እንዴት አድርገው አጨዱት ጋሼ?» አሉ ሙሴው።

«ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው። «ማጭድ ማንን ገደለ! ሥሩን ይዤ በማጭድ ላፍ፣ ላፍ። በጠዋቱ፣ ገና በቀዝቃዛው...»

«በዳቦ ቢላዋ ነው!»

በለጠች ሳታውቀው ቆማለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል።

«በዳቦ ቢላዋ ነው የተቆረጠው! በጠዋትም አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው! እሳቸው ያኔ ዒብራሂም ቤት ባቡር ሲነዱ ነበር! ይኸው እጄን እዩት!» መዳፏን ዘረጋችው፤ የተላጠው ገና ቅርፊት እንደያዘ ነው።

ሳሕራ ከበሩ «አቦ! እኔ ደግሞ ዶሮዎቼን ማን በጫማ መታብኝ ስል!» አለች።

ጋሽ ኃይለየሱስ ሻሂው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል ብርጭቆውን ቁልቁል ያያሉ።

ዝናሽ በለጠችን ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ? ዝም ብትይ እኮ አሸናፊ ነበርሽ። ለምን አጨድሽልኝ?»

«ላንቺ መሰለሽ? ላንቺስ እሳት ይብላሽ!» አለቻት። «እህል ሲፈስ መተኛት አልችልበት ብዬ ነው። ስትስቂብኝ ከረምሽ። እሳቸውንም ወሰድሽ፣ ወንበሩንም ወሰድሽ፣ ወተቱም ጣፈጠልሽ። ላቤን እንኳ ለሌላ ሰጠሽው!»

ዝናሽ ማሰሮውን አስቀመጠች። ወደ ጋሽ ኃይለየሱስ ሄደችና፣ «ጋሼ፣ አንዴ ብድግ ይበሉልኝ» አለቻቸው። ብድግ አሉ። ወንበሩን አንሥታ፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ፣ በለጠች ኋላ ዘረጋችው።

«ቁጭ በይ። ያጨደ ነው የሚቀመጥ።»

በለጠች ተቀመጠች። ስንት ዓመት ስታየው የኖረችው ወንበር ነው፣ ተቀምጣበት አታውቅም። ሸራው ወገብን ደገፍ ሲያደርግ! ለካ ሰውዬው በየቀኑ የሚመጡት ለዚህ ነው፤ እንደዚህ የሚመች ወንበር ይዞ የትም ተዘርግቶ የማይውል ማን አለ!

«ማዳም በለጠች...» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ቆመው።

«ማዳም አይበሉኝ። ፎጣ ይያዙ» አለቻቸው። «እኔ የማልኩትን አጥባለሁ፣ እርስዎ የዋሹትን ያደርቃሉ።»

እስከ ፋሲካም እንደዚያው ሆነ። እሷ ታጥባለች፣ ካፖርታሙ ቆመው ያደርቃሉ፣ ዝናሽ እያለፈች «ያቺ ብርጭቆ አልጠራችም» ትላለች። ወንበሩ በለጠች ደጅ ኒሙ ሥር ነው፣ እሷው ናት የምትቀመጥበት። እሳቸው ከሳሕራ በርጩማ ተውሰዋል።

ያች በነጠላ ጫፍ የተቋጠረችው ጭብጥ? የማኅበሩ ቀን ነጠላው ከትከሻዋ ሲወድቅ ዝናሽ ቋጠሮዋን አይታታለች፣ አይታ ዝም አለች። ሰኔ ተመልሶ ሲመጣ በለጠችም ደጇን ቆፍራ ዘራች። አሁን ጠዋት ጠዋት ቀዳዳዋ ላይ ዓይኗን ታሳርፍና ትመለሳለች፤ የዝናሽ ቅጠል ጫፍ ጫፉን ቢጫ ማለት ጀምሯል፣ የእሷ ግን እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው።

«ቢጫ ሁን እንጂ!» ትለዋለች ቅጠሉን በጣቷ እየመታች። «ቢጫ ሁን፣ ይቺ ሴት ቀደመችኝ እኮ!»